ሰርዝ ወይስ ሰርዝ?

ነገሩ የተጀመረው በአክስት ነው። ከመካከላችን የአንዱ አክስት፣ ስልካቸው ላይ ባለች አንዲት የፎቶ ማስቀመጫ መተግበሪያ የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ ሊያሳዩን ሲሉ ጣታቸው ስቶ ያልሆነ ቦታ ነካ። ስልኩም በአማርኛ ጠየቃቸው፦ «ይህን ፎቶ መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ። የግራው «ሰርዝ» ይላል። የቀኙም «ሰርዝ» ይላል። አክስታችን መነጽራቸውን አጠለቁ፣ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን አዩ፣ በስመ አብ ብለው የቀኙን ተጫኑ። ፎቶው ሄደ።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ተማርኩ ስትል አልነበር? እኔ እኮ መሰረዙን ነው የሰረዝኩት!»

እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛው ላይ አንዱ ቁልፍ «ዲሊት» ይላል፣ ሌላው «ካንስል»። የተረጎመው ሰው ቃላቱን ያገኛቸው የት ገጽ ላይ እንደሚወጡ ሳያይ፣ እንደ መዝገበ ቃላት ፈተና አንድ በአንድ ተደርድረው ነው። ዲሊት ሰርዝ ነው፤ ትክክል። ካንስልም ሰርዝ ነው፤ ቀጠሮ ይሰረዛል፣ በረራ ይሰረዛል፤ ይኸም ትክክል። ሁለት ትክክሎች ተጋግዘው አንድ ፎቶ በሉ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ጥያቄው «ይፈልጋሉ» ብሎ በአንቱታ ይጀምርና ቁልፉ ላይ ሲደርስ አክስታችንን አንተ ይላቸዋል። አንቺ እንኳ አይላቸውም።

መተግበሪያዋ ኦፕን ሶርስ ናት። ኮዷ ለማንም የተገለጠ ነው፤ ማንም አንብቦ፣ አርሞ፣ «እንካችሁ» ማለት ይችላል። ደጃፏ ላይም አስተዋጽኦ ለሚያደርግ ሁሉ በራችን ክፍት ነው ተብሎ ተጽፏል። ቡና እየተፈላ ነበርና እኛም ተያየን። አንድ ቃል ናት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ እናስተካክላታለን አልን።

ያ ቡና ከተጠጣ ሰባት ወር አለፈው።

እኛ ስንል ብዙ ነን። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ዋይፋይ የምንጠባ አለን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥራ ገብተን፣ ልጆች አስተኝተን፣ ላፕቶፕ የምንከፍት አለን። ማንም አልለመነንም፣ ማንም አይከፍለንም፣ የሚስቶቻችንም ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?» መልስ ኖሮን አያውቅም።

አንድ ቃል ለመለወጥ መጀመሪያ ውል ፈረምን። የምንልከው ነገር የራሳችን መሆኑን፣ ከቀጣሪያችን እንዳልወሰድነው፣ ነገ መልሱልን እንደማንል አረጋገጥን። ይህ ሁሉ ለ«ተው» ነው፤ በ«ካንስል» ፋንታ ልናስገባት ያሰብናት ቃል እሷ ነበረች። ቅጹ የመጀመሪያ ስም አለ፤ ሞላን። የቤተሰብ ስም አለ፤ የአባታችንን ስም ሞላን። ከዚያን ቀን ወዲህ በአባቶቻችን ስም ነው የምንጠራው። ጊት የተባለው የኮድ መዝገብ ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ያረፉ አባቶቻችን «ውድ ሚስተር እገሌ፣ ሦስተኛው መስመርዎ ላይ ትርፍ ባዶ ቦታ አለ» እየተባሉ ይወቀሳሉ። ነፍሳቸውን ይማር። የፖስታ መለያ ቁጥር አለ፤ 1000 ብለን አለፍን። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አለ፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለውን አልቀበልም አለ።

አንድ ቃል ለመለወጥ ሙሉ ኮዱን አወረድን። ጊት ክሎን የሚሉት ነገር አንድ ክፉ አመል አለው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከሀ ይጀምራል። ሰማንያ ሦስት በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። መጣ፤ ከሀ። ስልሳ ሲደርስ የዳታ ጥቅሉ አለቀ። ሞላን፤ ከሀ። ሰው ሲተኛ ኔትወርኩ ይሻላል ብለን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ዘጠና አንድ ደረሰ። መብራት ሄደ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ብሎ ሲጽፈው፣ ስሙን የወሰደው እንግሊዞች ደስ የማይል ሰው ከሚሰድቡበት ቃል ነው። ሥራዎቼን በራሴ ስም ነው የምሰይመው ብሎ ቀልዷል አሉ። በዚያ ሌሊት፣ በሻማ፣ ቀልዱ አልገባንም። የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ለይቶ የሚያወርድ አጭር ትእዛዝ እንዳለ የነገረን ሰው ብቅ ያለው ከአምስተኛው ሙከራ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ብቅ የሚለው ከአምስተኛው ሙከራ በኋላ ነው።

ስለ 2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ድርግም ስላለበት ጊዜ፣ ባናነሣ እንመርጣለን። ከመካከላችን አንዱ ያኔ ለሌላ ፕሮጀክት ማስተካከያ ልኮ ነበር። መስመሩ ተመልሶ ሲከፍተው «ላኪው ፍላጎት ያጣ ይመስላል» ተብሎ ተዘግቶ አገኘው።

አንድ ቃል ለመለወጥ አንድሮይድ ስቱዲዮ ጫንን። ቃሏ ሁለት ፊደል ናት፤ ስልክ ላይ ወጥታ ለማየት የሚያስፈልገው ዕቃ ግን በጊጋባይት ነው የሚቆጠረው። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ አጓራ። መመሪያው የሚያዝዘውን ትእዛዝ ጻፍን፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አላውቅም አለን። ጠየቅን። «መመሪያው አርጅቷል፣ ዊኪውን እዩ» አሉን። ዊኪውን አየን። ዊኪው መመሪያውን እዩ ይላል።

በመጨረሻ ላክን። ወዲያው ሮቦቶች ተሰልፈው መረመሩን። ርዕሱ ከሃምሳ ፊደል በለጠ አሉ፤ አሳጠርን። የፋይሉ መጨረሻ ላይ ባዶ መስመር ጎደለ አሉ፤ ጨመርን። አሁን ተረፈ አሉ፤ ቀነስን። አሥራ ሁለት ምርመራ ተደርጎ አሥራ አንዱ አረንጓዴ፣ አሥራ ሁለተኛው ቀይ ሆነ። ምን አጠፋን ብለን ብናይ የካርታው ክፍል ፈተና ከአንድ ሩቅ ሰርቨር መልስ በሰዓቱ አላገኘም። እኛ ካርታውን አልነካንም። መተግበሪያዋ ካርታ እንዳላትም አናውቅም ነበር። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል፣ ድጋሚ አስነሡት» አለን አንድ መንገደኛ። ማስነሻዋን ቁልፍ ለመጫን ግን የቤቱ ሰው መሆን ያስፈልጋል። የቤቱ ሰው የለም።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ኦፕን ሶርስ ውስጥ ያለውን ዝምታ ያልቀመሰው አያውቀውም። ቢሮ ሄደህ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ብትባል ቢያንስ ጸሐፊዋን ታያለህ፣ አግዳሚው ላይ ከጎንህ ከተቀመጠው ሰው ጋር መንግሥት ታማለህ። እዚህ አግዳሚ እንኳ የለም። ጸያፍ ነገር ጻፍን ይሆን ብለን መልእክታችንን አሥር ጊዜ አነበብነው። ጸያፍ አይደለም። እንዲያውም ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ነው የጻፍነው፤ ክቡር ሆይ ብለን ጀምረን፣ ለሚደረግልን ትብብር ከወዲሁ እናመሰግናለን ብለን ጨረስን። ኋላ ነው የሰማነው፤ ከኮዱ ጠባቂዎች አንዱ በዚህ ትሕትና ተጠራጥሮ «ይህን የጻፈው ኤአይ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ዘሎን ኖሯል። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩን መምህራችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በጠባቂዎቹም አይፈረድም። ስንት ነገር አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሀክቶበርፌስት በተባለው የኦክቶበር ዘመቻ አራት ማስተካከያ ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጣል ተብሎ ሰው ሁሉ ነጠላ ሰረዝ እየጨመረ፣ «ድንቅ» የሚል ቅጽል እየሰካ ደጃፋቸውን አጥለቀለቀው፤ አዘጋጆቹ ወሩ ሳይጋመስ ሕጉን ለመለወጥ ተገደዱ። እኛም አንድ ቃል ይዘን ስንመጣ ቲሸርት ፈላጊ መምሰላችን አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የጓሮ በር ተገኘ። የከፈተው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ጨዋ ረዳት መስሎ አንድ የደከመው ጠባቂ ቤት የከረመ ሰው ነው። የተደረሰበትም ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየብኝ ብሎ ነገሩን በመረመረ በአንድሬስ ፍሮይንድ ንቃት ነው። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ዘንድ ግማሽ ሰከንድ ብቻ የዘገየ ነገር ቢኖር ፈጠነ ብለን እናደንቅ ነበር። ብቻ ከዚያ ወዲህ ትሑትና ትጉህ የሆነ የማይታወቅ ስም ሲመጣ በጥርጣሬ ይታያል። ትሑት ነን። የማንታወቅም ነን።

በአምስተኛው ሳምንት ሰው መጣ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሰውየው አመሰገነን፣ ጥሩ ሥራ ነው አለን፣ ቀጥሎም ትርጉም በዚህ በር አይገባም አለን። ትርጉም የሚገባው በሌላ ድረ ገጽ ነው፤ ሌላ መለያ፣ ሌላ የይለፍ ቃል፣ ሌላ ውል። ይህ መመሪያው ላይ ተጽፏል ወይ ብለን ጠየቅን። ዊኪው ላይ ነው አለን። ደግሞ ጨመረ፦ «በነገራችን ላይ እኔ ጋ የሚታየኝ ባዶ ሣጥን ብቻ ነው፤ ፋይላችሁ ተበላሽቶ ይሆን?» ፋይሉ ደኅና ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ፎንቱ ስለሌለ ነው። ይህንንም በትሕትና አስረዳን፤ ኤአይ እንዳንባል አንድ የፊደል ስህተት ሆን ብለን ጨምረንበት።

እስካሁን ያማረርነው በፈረንጅ ነው። በሌላኛው ድረ ገጽ ላይ የጠበቀን ግን ሐበሻ ነው።

ከእኛ በፊት የገቡ የአማርኛ ተርጓሚዎች አሉ፤ እንደ እኛው ያለ ክፍያ፣ እንደ እኛው በሌሊት የሚሠሩ። «ተው» ስንል ቀና ብለው አዩን። የመጀመሪያው «ተው» ለወንድ ነው፣ ሴቷስ? አለ። ልክ ነው። «ተዪ» ይባል ቢባል ወንዱስ? «ይተዉ» ይባል ተባለ፤ አንቱታው ያምራል፣ ግን ምኑን? «መሰረዙን ይተዉት» ይባል ተባለ። ቁልፏ ጠባብ ናትና ስልኩ ላይ «መሰረ…» ብላ ተቆረጠች። አክስታችን «መሰረ» የሚል ቁልፍ ሲያዩ ታዩን። ሁለተኛው ተነሥቶ ካንስልን አትንኩት፣ ይልቅ ዲሊትን «አጥፋ» በሉት አለ። ሦስተኛው፣ እናቴ «አጥፋ» የሚል ካየች ስልኩ የሚጠፋ መስሏት ትሸሻለች አለው። አራተኛው ከሁሉ በፊት «ሰርዝ» የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ የሚለው ይፈታ አለ። ይህን ባላነሣው ምን ነበረበት! ሃሌታው ሀ መጣ፣ ሐመሩ ሐ መጣ፣ ፀሐዩ ፀ መጣ፤ ለአንዲት ቁልፍ ሙሉ የቄስ ትምህርት ቤት ተሰበሰበ። በአርባኛው መልእክት ላይ አንዱ ፊደል ይቀነስ አለ፤ ሌላው ታሪክ ሊያጠፋ የመጣ ነው አለው።

ፓርኪንሰን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የኒውክሌር ማብላያን በደቂቃዎች አጽድቆ በብስክሌት መጠለያ ላይ ሲከራከር ስለሚውል ኮሚቴ ጽፏል። ማብላያ ማንም አያውቅም፤ መጠለያ ሁሉም ያውቃል። ፕሮግራመሮች እስከ ዛሬ ፍሬ ቢስ ክርክርን በዚያ መጠለያ ስም ይጠሩታል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ከመጠለያውም በላይ የሚያከራክራቸው የቡና ወጪ ነው፤ ይህን የጻፈው ሐበሻ አለመሆኑ ይገርመናል።

በዚህ መሃል እውነተኛው ችግር ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ዐረፍተ ነገር የሚሠራው ቁርጥራጭ እየገጣጠመ ነው፤ መጀመሪያ ግሥ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ቀጥሎ ስም። እንግሊዝኛው ያምርበታል። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ስልኩ «ተሰርዟል 3 ፎቶዎች» እያለ ይኮላተፋል። ይህ በትርጉም አይታከምም፤ ኮዱ ራሱ ዐረፍተ ነገሩን ሙሉውን ለተርጓሚው መስጠት አለበት። ለዚህ ሌላ ጥያቄ ከፈትን። «በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይሠራል» ተባልን። በጃፓንኛም ግሥ መጨረሻ ነው አልን። «የጃፓንኛ ተርጓሚዎች አላማረሩም» ተባልን። ጨዋነታቸው ነዋ።

ከዚያ ስብሰባ ጠሩን፤ ገብታችሁ በቃል አስረዱ አሉን። በኒውዮርክ ከጠዋቱ 11:00 ነው። እሱ ለእኛ ስልክ 19:00፣ ለእኛ አፍ የምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አንዳችን 11:00 የሚለውን ብቻ አይቶ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ ገብቶ ጥቂት ለብቻው ተቀምጦ ወጣ። የሲልቨር ስፕሪንጎቻችን ሥራ ላይ ናቸው፤ አዲስ አበባ የቀረነው በትክክል በ1 ሰዓት ገባን። ስብሰባው አልቋል። ለካ አሜሪካኖች በማርች ሰዓታቸውን ወደፊት ገፍተውታል፤ 11:00 ከመቼው የምሽቱ 12 ሰዓት ሆኗል። የእኛ ፀሐይ እንደሆነች ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ቃለ ጉባኤው «የአማርኛ ጉዳይ፦ አቅራቢዎቹ ስላልተገኙ ተላልፏል» ይላል።

ደግሞ ቦት የሚሉት ሮቦት አለ። ቦቱ ስልሳ ቀን ይጠብቃል። በስልሳኛው ቀን «ይህ ጥያቄ እንቅስቃሴ አልታየበትም» ብሎ የ«ሰነበተ» ምልክት ይለጥፋል፤ ሰባት ቀን ይጨምርና ይዘጋል። ዝም ያሉት እነሱ ናቸው፤ የሰነበተ የሚባለው የእኛው ነው። እንዳይዘጋብን በየሃምሳ ዘጠኝ ቀኑ፣ እንደ ዕድር ስም ጥሪ፣ «አለን» ብለን እንጽፋለን። አንዱ ሃምሳ ዘጠነኛው ቀን ፋሲካ ላይ ዋለ፤ ዶሮ ወጡ ፊት ተቀምጠን «አለን» አልን።

በሰባተኛው ወር ገባ። ምን እንዳንቀሳቀሰው እግዚአብሔር ይወቅ። ክርክሩ የተቋጨው «ይቅር» በሚለው ነው፤ ለወንድም ለሴትም ለአንቱም ይሆናል፣ ቁልፏ ውስጥም ይገባል። ንስሐ ይመስላል ያለ ሰው ነበር፤ ደክሞት ተወው። አዲሱ እትም ሲወጣ የለውጡ ዝርዝር ከሥር «እና ሌሎች ጥቃቅን ማስተካከያዎች» ይላል። እኛ ነን እነዚያ።

እሑድ ተሰብስበን አክስታችን ዘንድ ሄድን። ቡናው ቀርቧል። ስልካቸውን ተቀብለን «አዘምን» የሚለውን ተጫንን። ስልኩ ቦታ የለኝም አለ፤ ሞልቷል፣ አንዳንድ ፎቶ ካልቀነሳችሁልኝ አዲሱ አይገባም አለ። ከልደትና ከክርስትናው መሃል ሦስት ጊዜ የተነሣ አንድ የደበዘዘ ፎቶ አገኘንና ነካነው።

«ይህን ፎቶ መሰረዝ ይፈልጋሉ?»

አክስታችን እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡ። «እኔ አልነካም» አሉ፤ «የተማርከው አንተ አይደለህ?»